የኔ ታሪክ ቢጻፍ እኮ…

ሳይት ከርሞ የተመለሰ ሰው ከሁለት አንዱን ሳይዝ አይመጣም፤ ወይ ወባ ወይ ልቦለድ። ወባው በመድኃኒት ይለቀዋል። ልቦለዱ ግን ለቅሶ ቤትም፣ ዕድርም፣ ታክሲ ውስጥም ይነሣበታል። ሲጀምረው ታውቁታላችሁ፤ «የኔ ታሪክ ቢጻፍ እኮ…» ይላል። በዚህ ጊዜ ቶሎ ወራጅ አለ ማለት ነው።

እርግጥ ነው፣ ሳይት ለልቦለድ የተመቸ ቦታ ነው። ቀያሹ ከአዲስ አበባ፣ የሮሎ ኦፕሬተሩ ከወላይታ፣ ቡና የምታፈላዋ ከጎጃም መጥተው በረሃ ላይ ይገናኛሉ። የሚያውቃቸው ስለሌለ ሁሉም ራሱን እንደ አዲስ ይደርሳል። ካምፕ ውስጥ ቤቱ ቦሌ ያልሆነ የለም። የቀን ሠራተኛው ዲግሪውን ሊይዝ አንድ ኮርስ ብቻ ነው የቀረው። ባለትዳር የሚባል ፍጡር ደግሞ ጨርሶ አይገኝም።

አንድ የገልባጭ ሹፌር እንዲሁ ላጤ ሆኖ ከርሞ፣ አንድ ቀን ሚስቱ ልጅ አዝላ ከሰርቪስ ወረደች። ፎርማኑ ሊያድነው ፈልጎ «እህትህ ናት?» ሲል፣ ልጁ ከጀርባ ሆኖ «አባባ!» አለና ምዕራፉን ዘጋው። የዚያን ዕለት ማታ ኔትዎርክ ያለበት ጉብታ በላጤ ተጨናነቀ። ሁሉም ሚስቱ ዘንድ ደውሎ «እንዳትመጪ፣ መንገዱ አያስገባም» ይላል። መንገዱን የሚሠሩት እኮ እነሱው ናቸው!

የሁሉንም እውነተኛ ታሪክ የምታውቀው ባለ ጀበናዋ ናት። የዱቤ ደብተሯን ያየ ሰው ሌላ ድርሰት አያምረውም። ስም አትጽፍም፣ ጠባይ ነው የምትጽፈው፦ «ቀዩ ቀያሽ፣ 2 ቡና»። «ኮርስ የቀረው፣ 4 ቡና 1 ዳቦ»። «ላጤው (ባለ ሦስት ልጅ)፣ ደመወዝ ሲወጣ»።

አንባቢዎችስ ብንሆን መች እንሻላለን? በዓሉ ግርማ በ«የኅሊና ደወል» ልቦለዱ ዋና ገጸ ባሕርዩን ሐዲስን ኢሉባቦር፣ ሱጴ ድረስ ልኮ ትምህርት ቤት ያሠራዋል። መጽሐፉን ያነበበ ሰው ሁሉ ራሱን ሐዲስን አድርጎ ነው ያነበበው። ከዳር ቆሞ «ይሄ ደግሞ መቼ ያልቃል» የሚለውን ሰው «እኔ ነኝ» ያለ እስካሁን አልገጠመኝም። አገሩ ግን የሞላው በማን እንደሆነ እንተዋወቃለን።

ጉባ ላይማ ሁላችንም ተደራሲነታችንን ትተን ገጸ ባሕርይ ሆነናል። መጋቢት 24 ቀን 2003 የሕዳሴ ግድብ መሠረቱ ተጣለ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ። በመሀል ቦንድ የገዛ አለ፣ ከደመወዙ የተቆረጠበት አለ፣ በ8100 የስልክ መልእክት ልኮ ያዋጣ አለ። በዚያ ሙቀት ያን አርማታ ያቆሙት ሰዎች ሲጠየቁ «ሠራን» ብለው ዝም ነው። ለጉብኝት ሄዶ የደኅንነት ቆብ አጥልቆ ፎቶ የተነሣው ግን እስከ ዛሬ ፕሮፋይሉን አልቀየረም፤ ጣቱን ወደ ሆነ ነገር ቀስሯል፣ ወደ ምን እንደሆነ ግን እሱም አያውቅም። አንዱማ ፎቶውን ለሽምግልና ይዞ ሄዶ «ኢንጂነር» ተብሎ ተድሯል።

እኔም ብሆን ጉባን ያየሁት በቴሌቪዥን ነው። ባለፈው ቡና ላይ ግን አፌ ቀድሞኝ «ያኔ አርማታውን ስንሞላ…» ብዬ ጀመርኩ። ጎረቤቴ እማማ ስኒያቸውን አስቀምጠው ትክ ብለው አዩኝ።

«በየት በኩል ነበርሽ አንቺ?»

«በ8100 በኩል» አልኳቸው።

«ውይ ልጄ! እኔም እኮ በዚያው በኩል ነበርኩ፤ እንዴት ሳንተያይ ቀረን?»