የአሥራ አራተኛውን ወር ለማቋቋም የወጣ አዋጅ

አዋጅ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

እኛ በአርጆ ከተማና በዙሪያዋ ቀበሌዎች የምንኖር፣ ልጅ አስፈትነን ስልክ ስልክ የምናይ ወላጆች፤

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ካለቀ በኋላ ውጤት እስኪወጣ፣ ውጤት ከወጣ በኋላ ምደባ እስኪነገር፣ ምደባ ከተነገረ በኋላ ዩኒቨርሲቲው እስኪጠራ ያለው ጊዜ በአሥራ ሦስቱ ወራት ውስጥ ማደሪያ አጥቶ ሲንከራተት የኖረ በመሆኑ፤

የ2012 ፈተና በኮሮና ሰበብ በ2013 የካቲት መጨረሻ፣ የ2014ቱ ደግሞ በ2015 ጥቅምት መሰጠቱ ፈተናና ዓመቱ ተፋትተው መኖር እንደሚችሉ በተግባር ያሳየ በመሆኑ፤

ውጤቱ መቼ እንደሚወጣ በተጠየቀ ቁጥር «በቅርቡ» የሚለው መልስ ሚኒስትር ሲለዋወጥ፣ የተቋም ስም ሲቀያየር ሳይነቃነቅ የቆየ በመሆኑና እንዲህ ያለ ጽናት እውቅና ስለሚገባው፤

ቻይና በ2016 ከ13 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ፈትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ውጤት መናገሯ፣ እንግሊዝም ውጤት የሚወጣበትን የነሐሴ ሐሙስ አስቀድማ በቀን መቁጠሪያ ላይ ማስፈሯ ሕዝባቸውን ትዕግሥት አልባ ያደረገ መሆኑ ስለታመነበት፤

የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የበቅርቡ ወር ማቋቋሚያ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

አንቀጽ 2። ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር፣ «ተፈታኝ» ማለት ፈተናውን ጨርሶ ሻንጣውን ተሸክሞ ወደ አርጆ የተመለሰ፣ ትምህርት ቤቱ «ጨርሰሃል» ያለው፣ ዩኒቨርሲቲው «ገና ነህ» ያለው፣ ለአጨዳ ይቆጠር አይቆጠር አባቱ ያልወሰነበት ሰው ነው። «ወሬ» ማለት ማታ በቴሌግራም «ሰበር» ተብሎ የሚለቀቅ፣ ጠዋት የሚስተባበል፣ በሳምንቱ እውነት ሆኖ የሚገኝ መረጃ ነው። በወንድ ጾታ የተገለጸው ሴትንም ይጨምራል።

አንቀጽ 3። የወሩ ርዝመት

ወሩ የመጨረሻው ወረቀት በተሰበሰበ ማግስት ይብታል። ስንት ቀን እንዳለው አይጠየቅም። ለ2014 ተፈታኞች ከጥቅምት እስከ ጥር 2015፣ ለ2015ቱ ከሐምሌ እስከ መስከረም 28 ቀን 2016 ሆኗል። የ2017ቱ ውጤት በ2018 መስከረም መጀመሪያ ላይ መውጣቱ እንደ ልዩ ሁኔታ የሚታይ ሲሆን፣ እንዲህ ያለው ጥድፊያ እንዳይለመድ ጥንቃቄ ይደረጋል።

አንቀጽ 4። ወሩ ከመስቀል ጋር ሲገጥም

አንጮቴው ተቀቅሎ፣ ተልጦ፣ ቅቤ ጠጥቶ ከቀረበ በኋላ ከነቀምቴም ሆነ ከበደሌ የመጣ ማንኛውም ዘመድ «ልጁ ስንት አመጣ?» ብሎ መጠየቅ አይፈቀድለትም። ጠይቆ ከተገኘ አባት «ገና ነው፣ ኦቦ» ይላል። ዘመድየው «የእነ እንትና ልጅ ግን አይቷል አሉ» ብሎ ከቀጠለ ተፈታኙ እንጨት ለመፍለጥ ወደ ጓሮ የመውጣት መብቱ የተጠበቀ ነው፤ የተፈለጠ እንጨት ቢኖርም። እናት በዚህ መሀል ቡና ታቀርባለች፣ ወሬውንም ወደ በቆሎው ትመልሳለች።

አንቀጽ 5። ስለ ኔትወርክና ስለ ፊት

(1) ውጤት በድረ ገጽ፣ በ6284 አጭር መልእክትና በቴሌግራም ቦት ይታያል። አገር በሙሉ በአንዴ ሲገባበት ድረ ገጹ ቢወድቅ ተፈታኙ እንደወደቀ አይቆጠርም።

(2) አንድ ስማርት ስልክ ለአምስት ልጅ በሚዞርበት ሰፈር፣ የስልኩ ባለቤት የጓደኛውን የምዝገባ ቁጥር አስገብቶ ውጤቱን ሲያነብ አፉን ከመክፈቱ በፊት ፊቱን መለወጥ በጥብቅ የተከለከለ ነው። ዝም ብሎ ስልኩን ማቀበልም እንደ ፊት መለወጥ ይቆጠራል።

(3) በ2012 ከጥር እስከ መጋቢት በወለጋ ዞኖች ኢንተርኔት እንደተቋረጠው ዓይነት ጊዜ ከመጣ ወሩ ባለበት ይቆማል፤ ማን እንደሚያስቀጥለው በሌላ አዋጅ ይወሰናል።

አንቀጽ 6። ቀድመው ስለሚመጡ ነገሮች

በዚህ ፈተና ታሪክ ከቀኑ ቀድሞ መጣ የምንለው ራሱ ፈተናው ነው። በ2008 ግንቦት የእንግሊዝኛው ጥያቄ ፌስቡክ ላይ ወጣ፤ ያወጡትም በኦሮሚያ ትምህርት ቤቶች በወቅቱ በነበረው ሕዝባዊ ተቃውሞ ሳቢያ ለወራት ተዘግተው ስለነበር ፈተናው ይራዘም ሲሉ ነበር። ፈተናው ተሰርዞ ሰኔ መጨረሻ ላይ እንደገና ተሰጠ። ጥያቄ ቀድሞ መምጣት እንደሚችል ታይቷል፤ መልስ ግን አይችልም።

አንቀጽ 7። ስለ ምክንያት

ከ2015 ጀምሮ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠቱ ኩረጃን እንደቀነሰ እንቀበላለን። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ልጅ ማጓጓዝ፣ ማሳደር፣ ወረቀቱን ማረም፣ ያረሙትን መልሶ ማጣራት ቀላል ሥራ አይደለም፤ ይዘግይ፣ ግዴለም። ይሁን እንጂ ቀኑን መናገር እርማቱን ያጓትታል የሚል ማስረጃ እስካሁን ስላልቀረበልን፣ ቀኑ የማይነገርበት ምክንያት ራሱ በቅርቡ ይገለጻል።

ከ2014 ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ናቸው። በ2017 ቁጥሩ ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል፦ ከ585 ሺህ በላይ ተፈትነው 48,929። ከመቶው ዘጠና ምናምኑ ያን ሁሉ ጊዜ የጠበቀው አለማለፉን ለመስማት ስለሆነ፣ ጥቂቱ ተመርጦ ወደ አቅም ማሻሻያው ትምህርት፣ ወደ ሪሜዲያል፣ ይሄዳል፤ እዚያም ሌላ ውጤት ይጠብቃል።

አንቀጽ 8። ስለ ዘግይቶ መምጣት

(1) ውጤት ቢዘገይ አልዘገየም።

(2) ምደባ ቢዘገይ አልዘገየም።

(3) ጥሪው ግን በማስታወቂያ ይወጣል፦ የስምንተኛ ክፍል ሰርተፍኬት ከነኮፒው፣ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ትጥቅ፣ ስምንት ጉርድ ፎቶግራፍ። ከተባለው ቀን ቀድሞም ሆነ ዘግይቶ የሚመጣ ተማሪ አይስተናገድም።

(4) ስለሆነም የአርጆ ልጅ የሩቅ ዩኒቨርሲቲ ከደረሰው፣ አባቱ በሬውን ሸጦ፣ መናኸሪያ አድሮ፣ ነቀምቴና አዲስ አበባ ላይ አውቶቡስ ቀይሮ፣ በሦስት ቀን ከበሩ ላይ እንዲያደርሰው ይገደዳል። በመንገድ ላይ የሚያጋጥም ችግር በንኡስ አንቀጽ (1) እና (2) የተሰጠው ይቅርታ አይመለከተውም።

አንቀጽ 9። የመሸጋገሪያ ድንጋጌዎች

አዋጁ ከመውጣቱ በፊት የተሸጠ በሬ አይመለስም። ተስፋ ተደርጎበት አስቀድሞ የተነሱት ጉርድ ፎቶ ለሪሜዲያልም ለድጋሚ ፈተናም ያገለግላል፤ በበቅርቡ ወር ውስጥ ፂም ያበቀለ ተፈታኝ ግን በራሱ ወጪ እንደገና ይነሳል።