ሕዝቡን ሳያስተምሩ እንዳስተማሩ ስለ መቈጠር

ክቡር ኃላፊ ሆይ፤ ሕዝበ አገሩ ስለ ገዛ ሥጋው ጤንነት አንዳች ሳይረዳ፣ ሪፖርትዎ ግን መቶ በመቶ ተረድቷል ብሎ እንዲመሰክርልዎ ቢፈቅዱ፣ አስቀድመው ሥራውን ሁሉ «የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ» ብለው ይሰይሙት፤ መድረኩም በባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ሆቴሎች ባንዱ እንጂ ከጤና ኬላ ደጃፍ ከቶ አይሁን። የሚጠሩትም «ባለድርሻ አካላት» ይሁኑ፤ እነርሱም ዓምና የመጡት፣ አቻምናም የመጡት ናቸው።

ስለ ቢልሃርዚያ በሚነገርበት ዕለት መስኮቱ ወደ ሐይቁ የሚያይ አዳራሽ ይምረጡ። ከመስኮቱ ማዶ ሕፃናት በሚዋኙበት፣ እናቶች ልብስ በሚያጥቡበት ዳርቻ፣ ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ ቆዳቸውን በስቶ እንደሚገባ የሚነግራቸው ሳይኖር፣ እርስዎ «ሺስቶሶማ ማንሶኒ» የሚለውን የትሉን ስም ከስላይዱ እየደጋገሙ ያንብቡ። ስላይዱ በእንግሊዝኛ ይሁን፤ ፊደሉም ይነስ። ባነሩ ለአጋር ድርጅቶች ዓርማ አልበቃ ቢል መልእክቱ ይውጣለት። በማግሥቱ «የመስክ ምልከታ» በሚል አርእስት በጀልባ ወደ ዘጌ ይሻገሩ፤ ገዳማቱን ተሳልመው፣ የዘጌን ቡና ጠጥተው፣ ፎቶግራፍ ተነሥተው ይመለሱ።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር ለየገጠሩ ቀበሌ ሁለት ሁለት ሴቶች አሠልጥኖ፣ 16 የጤና ፓኬጅ አሸክሞ ቤት ለቤት መላኩ ለሐሳብዎ ብርቱ ዕንቅፋት ነው፤ ልጅቱ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣ፣ በባለቤቶቹ አነጋገር ስለ አጎበርና ስለ መጸዳጃ ቤት ካወጋች ሰው ሊገባው ይችላልና። ስለዚህ ቅጽ ያብዙባት፤ ቤት ለቤት በምትዞርበትም ቀን ለቀበሌ ስብሰባ ያስጠሯት። 96 ሰዓት ሠልጥኖ «ሞዴል» የተባለውንም ቤተሰብ በምስክር ወረቀቱ ይቍጠሩት እንጂ ከመጸዳጃው አጠገብ የእጅ መታጠቢያ ውኃ መኖሩን አይዩ። ኧረ ለመሆኑ፣ ያቺ ልጅ በክረምት ጭቃ ስትመላለስ የጫማዋን ዋጋ የጠየቃት ማን አለ? ለአዳራሹ ኪራይ የፈሰሰው ገንዘብ ለስንት ቤት ሳሙና ይገዛ ነበር! አያፍሩም?

ወደ ምክሬ ልመለስ። ከጸበል ቦታ የሚሰበሰበውን ምእመን አያነጋግሩ። ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አንድነት ቢወስዱ ኃጢአት አይደለም ማለታቸውን የሚያስታውስ ካህን ቢገኝ፣ የስላይድዎ ብዛት ያላደረገውን በአንድ ስብከት እንዳያደርገው፣ ከተጋባዦቹ መዝገብ ይፋቁት።

ሐኪሙ ግን ምክር አያሻውም፤ የእጅ ጽሑፉ ለሕመምተኛው እንዳይነበብ አስቀድሞ ተምሯል።

በመጨረሻ፣ ተሳታፊውን ምን ተረዳህ ብለው አይጠይቁ፤ በሪፖርቱ የሚጠየቀው የሰው ብዛት ነውና። የአበሉን ቅጽ ሳይፈርም ግን ማንም ከአዳራሹ እንዳይወጣ።