ፈጠራ ከነአበሉ

«ፈጠራ ገንዘብ አይፈልግም» የሚል ስልጠና አለ፤ የሚሰጠው ግን በሆቴል አዳራሽ ነው። ባነር ተሰቅሏል፣ ቦርሳና እስክሪብቶ ታድሏል፣ የሻይ ዕረፍቱ ከትምህርቱ ይረዝማል። አሰልጣኙ ከውሃ ፕላስቲክ የአበባ ማስቀመጫ ሠርተው ያሳያሉ፤ ሰልጣኙ በስልኩ ይቀርጻል፣ ለአበሉ ፈርሞ ይወጣል።

መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ፣ በርሜሉ በመሮና በመዶሻ ተሰንጥቆ ምድጃ ይሆናል፤ የቲማቲም ቆርቆሮ ክር ገብቶለት ኩራዝ፣ ያለቀ የመኪና ጎማ በረባሶ። (ሰርተፍኬት የሚሰጥ ስለሌለ ይሆናል «ፈጠራ» ያልተባለው።) ቤት ውስጥም ልጁ ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቆ ኳስ ሲሠራ ይቆነጠጣል፤ ቅዳሜ ደግሞ ተከፍሎለት የፈጠራ ክበብ ይገባል። የመጀመሪያው ትምህርት፦ ከአሮጌ ካልሲ አሻንጉሊት መሥራት። ካልሲውን ወላጅ ያቀርባል።