ሃያ መሰኪያ ለፃግብጂ

በዋግ ኽምራ ዞን፣ በፃግብጂ በሚገኝ አንድ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ላፕቶፕን ከስክሪንና ከሌሎች ዕቃዎች ጋር የሚያገናኝ ዶኪንግ ስቴሽን፣ በአጭሩ ዶክ፣ ይገዛ አይገዛ የሚለው ክርክር ከተነሣ ሰነባብቷል። ግዥውን የሚቃወሙ ባልደረቦቼ ሐሳባቸውን በሻይ ሰዓትም በስብሰባም ያለ ገደብ ሲገልጹ ቆይተዋል። የሚደግፈው ወገን፣ ማለትም እኔ፣ እስካሁን በጽሑፍ አልተሰማም። ዝምታዬ እንደ መረታት እንዳይቆጠርብኝ የሚከተለውን ለግዥ ኮሚቴውና ለአንባቢ አቀርባለሁ።

ዕቃው ካልዲጂት ቲ ኤስ 5 ፕላስ ይባላል። ሃያ መሰኪያዎች አሉት። 330 ዋት የሚያቀርብ የራሱ ፓወር ሰፕላይ አለው፤ ከዚህም 140 ዋቱን ለላፕቶፕ ይመግባል። ተንደርቦልት 5 በተባለው መሥመር መረጃን በሰከንድ 80 ጊጋቢት ያመላልሳል፤ ስክሪን ሲበዛበት በአንድ አቅጣጫ እስከ 120 ጊጋቢት ይደርሳል። የኔትወርክ መሰኪያው ባለ 10 ጊጋቢት ነው። በውጭ ገበያ ዋጋው 500 ዶላር ገደማ ነው። ወደ ብር መመንዘሩን ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፤ የምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ እንዲወሰን ስለተደረገ፣ ይህ ጽሑፍ ተነቦ እስኪያልቅ ቁጥሩ ሊያረጅ ይችላል።

ተቃዋሚዎች አስቀድመው የሚጠቅሱት «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚለውን ተረት ነው። ተረቱን አከብራለሁ፤ ነገሩ ግን ለየቅል ነው። የተበደሩት ጤፍ ይበላል፣ ያልቃል፣ ዕዳው ብቻ ይቀራል። ዶኩ አይበላም፣ አያልቅም፤ ባስቀመጡበት ይገኛል። በዚህ ረገድ ከጤፍ እጅግ የሚሻል ንብረት መሆኑን ማንም ሊክድ አይችልም።

ቀጥሎ የሚነሣው የላፕቶፑ ጉዳይ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ያለው አንድ ላፕቶፕ ሲሆን ቻርጀሩ ክብ ነው፤ ዶኩ የሚፈልገው የታይፕ ሲ መሰኪያም ከነጭራሹ የለውም። ስለዚህ ሁለቱ አይገናኙም ይባላል። አይገናኙም፤ የግዥው ዋነኛ ጥንካሬም እዚህ ላይ ነው። ፍላሽ ከቢሮ ቢሮ እየዞረ ያመጣብንን ሾርትከት ቫይረስ የማያስታውስ የለም። የሩብ ዓመቱን ሪፖርት የያዘውን ፎልደር ሰውሮ በምትኩ ቀስት ያለባት ትንሽ ምልክት አስቀምጦልን፣ ከዞን ሲደወል ያችኑ ቀስት ደጋግመን ስንጫን ውለናል። ከላፕቶፕ ጋር ከቶ የማይገናኝ መሣሪያ ቫይረስ አይዘውም፣ አያስተላልፍም። ፀረ ቫይረስ ገዝተው በየዓመቱ የሚያሳድሱ መሥሪያ ቤቶች እንኳ ይህን ያህል ዋስትና የላቸውም።

የቴክኖሎጂው ታሪክም ከእኛ ጋር ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ1992 ዱዎ ዶክ የተባለውን ሲያወጣ ላፕቶፑ እንዳለ ተከድኖ እንደ ቪዲዮ ካሴት ወደ ዶኩ ሆድ ይገባ ነበር። በኋላ የመጡት ላፕቶፑን ከላያቸው ላይ አስቀመጡት። ዛሬ የሚያገናኛቸው አንድ ቀጭን ገመድ ብቻ ነው። ከዘመን ዘመን ዶክና ላፕቶፕ እየተራራቁ መጥተዋል፤ ገመዱንም ያስቀረነው እኛ ከሆንን፣ ፃግብጂ በዚህ ዘርፍ ከማንም ቀድማለች ማለት ነው።

ስለ ኤሌክትሪክ ብዙ ስለተባለ ጠቅለል አድርጌ ማለፍ አልችልም። «መብራቱ እየሄደ እየመጣ 330 ዋት የሚጠይቅ ዕቃ ከየት ይቻላል?» ይላሉ። መልሱ እዚሁ አጠገባችን ይፈሳል። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የተከዜ ግድብ ከፍታው 188 ሜትር፣ ጉልበቱ 300 ሜጋ ዋት ነው፤ ሐይቁም እስከ ዋግ ኽምራ ድረስ ተኝቷል። 300 ሜጋ ዋት ለ330 ዋት ሲካፈል 909 ሺሕ 90 ዶክ ይሆናል። እኛ የጠየቅነው አንድ ነው። ከዘጠኝ መቶ ሺሕ በላይ ዶክ መሸከም የሚችል ግድብ አጠገብ ተቀምጦ አንድ ዶክ በዛ ማለት፣ በእኔ አስተያየት፣ ቁጠባ ሳይሆን ይሉኝታ ነው። መብራቱ ከግድቡ እስከ ጽሕፈት ቤታችን ግድግዳ መድረስ አለመድረሱ የመሥመር ጉዳይ ነው፤ የመሥመር ጉዳይ ደግሞ ይህን ኮሚቴ አይመለከትም።

ይህም ቢቀር፣ መብራት ሲጠፋ ዶኩ ምን ይጎዳል? የላፕቶፑ ባትሪ ከሞተ ቆይቷልና መብራት በሄደ ቁጥር የተጻፈው ሳይቀመጥ ይጠፋል። ዶኩ ግን አንዳች የሚያጠፋው ነገር የለውም። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ዋግ ኽምራ መብራት፣ ስልክና ባንክ ተቋርጦባት ለወራት ስትቆይ እንዲህ ያለ ዶክ በእጃችን ቢኖር ኖሮ፣ አንዲት ዋት ባላባከነ ነበር።

አሁን ወደ ፍጥነቱ ልግባ። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ይፋ የሆነውና በዞናችን ዋና ከተማ ስም የሚጠራው የሰቆጣ ቃል ኪዳን፣ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቆም የተገባ አገራዊ ቃል ነው። ለዚህ ቃል የሚሆነው ቁጥር እንዴት እንደሚመጣ እናውቃለን። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የሕፃኑን ቁመት በእንጨት ሰሌዳ ላይ አስተኝታ ትለካለች፣ በእስክሪብቶ መዝገብ ላይ ታሰፍራለች፣ ወረቀቱን ይዛ ገደል ወርዳ ሸንተረር ትወጣለች። መኪና ካገኘች በመኪና፣ ካላገኘች በእግሯ ትመጣለች። ወረቀቱ ጠረጴዛችን ላይ ሲደርስ ወደ ኤክሴል ይገለበጣል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው መንገድ ከላፕቶፑ እስከ ስክሪኑ ያለው ግማሽ ሜትር ነው። እኔ የማቀርበው ሐሳብ ይህችን ግማሽ ሜትር በሰከንድ 80 ጊጋቢት እንድናፋጥናት ነው። ተቃዋሚዎች «መጀመሪያ መንገዱ ይሠራ፣ ለሠራተኛዋም በቅሎ ይገዛ» ይላሉ። መንገድ ሠራዊት የሚያህል ሠራተኛና ዓመታት ይፈልጋል፤ በቅሎዋም ገፈራ ትበላለች፣ ትታመማለች፣ ትሞታለች። ግማሽ ሜትሯ ግን በአንድ ቀን፣ ያለ ገፈራ፣ ትጠናቀቃለች።

የምስሉ ጥራትም ቀላል ነገር አይደለም። ተንደርቦልት 5 ሁለት 8ኬ ስክሪኖችን መሸከም ይችላል፤ አንድ 8ኬ ስክሪን ከ33 ሚሊዮን በላይ ነጥቦች አሉት። የቀነጨሩ ሕፃናት ቁጥር ካሁን በፊት በደበዘዘ ፎቶ ኮፒ ስናነበው 3 ይሁን 8 ሳንለይ ቀርተን ከዞን ጋር ተካክደናል። በ66 ሚሊዮን ነጥብ ላይ 3 ምንጊዜም 3 ነው። ሕፃናቱ ቁጥራቸው ባይቀንስ እንኳ በጥራት ይታያሉ። በአሁኑ ጊዜ ያለን ስክሪን በሁለት ብሎን የሚታሰር ሰማያዊ ቪጂኤ መሆኑን፣ ዶኩም የቪጂኤ መሰኪያ እንደሌለው አውቃለሁ። ይህ የስክሪኑ ጉድለት ነው። በስክሪን ጥፋት ዶክ አይከሰስም።

«ማከፋፈያ ከሱቅ ገዝቶ መገላገል ይቻላል» ላለው ባልደረባዬ አጭር መልስ አለኝ። ማከፋፈያ ሲሰኩበት ይግላል፣ ይቃጠላል፣ ሞዴል 19 ተቆርጦለት ሳይጨርስ ወደ አሮጌ ዕቃ ክፍል ይሄዳል። ዶኩ ግን ከሣጥኑ ሲወጣ በላዩ ያለው ስስ ላስቲክ ሳይላጥ፣ የንብረት ቁጥሩ በነጭ ቀለም ሆዱ ላይ ተጽፎ፣ በኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ከአበባው ጎን ይቀመጣል። ጸሐፊያችን ዳንቴል እንደምትሠራለት ቃል ገብታለች። ልኩንም ከኢንተርኔት ላይ አይታ ጀምራለች፤ ለሃያዎቹም መሰኪያዎች ሃያ ቀዳዳ አልተወችም፣ አቧራ እንዳይገባ ብላ። ንብረት ቆጣሪው በየዓመቱ ሲመጣ «ዶክ፣ አንድ» ብሎ ይጽፋል፤ መዝገቡም አንድ ይላል። የላፕቶፑ አይጥ በሁለት ዓመት ሦስት ጊዜ ለመጥፋቷ ማብራሪያ ጽፈን እናውቃለን። የማይሠራበት ዕቃ አይጠፋም፤ ንብረት ማስተዳደር ማለትም ይኸው ነው።

የግዥ ሥርዓቱ በሚገባ ተጠብቋል። ሦስት ፕሮፎርማ ተሰብስቧል። ሦስቱም በአንድ ዓይነት የእጅ ጽሑፍ መሞላታቸው በነጋዴዎቻችን መካከል ያለውን መከባበር ያሳያል። ስፔሲፊኬሽኑ ቃል በቃል ከአምራቹ ካርቶን ላይ የተገለበጠ በመሆኑ ስሕተት ሊኖርበት አይችልም።

የቀረው ፊርማ ብቻ ነው። ሰኔ 30 ሲያልፍ ያልተሠራበት ገንዘብ ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳል፤ የተመለሰ ገንዘብ ደግሞ በማግሥቱ «እነዚህ አልቸገራቸውም» ተብሎ ከመጪው በጀታችን ላይ ይቀነሳል። ስለዚህ የተከበራችሁ የኮሚቴ አባላት፣ የዕቃ መጠየቂያው በሞዴል 20 ተሞልቶ ጠረጴዛችሁ ላይ ይገኛልና እስከ ዓርብ ድረስ እንድትፈርሙልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ዶኩ የሚሰካበት ላፕቶፕ ግዥ በሚቀጥለው በጀት ዓመት ዕቅድ ላይ በተራ ቁጥር 14 ተይዟል።