ለድንጋዩ መንጃ ፈቃድ ይሰጥልን

የመንገድ ደኅንነት ሽልማት የሚባል ነገር ካለ ዘንድሮ ለሹፌርም ለትራፊክ ፖሊስም አይሰጥብን፤ ለድንጋይ ይሰጥልን። ከአርባ ምንጭ ሙዝ ጭኖ በሁምቦ በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ ሽቅብ የሚወጣ አይሱዙ ጎማው ፈንድቶ ሲቆም፣ ረዳቱ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ድንጋይ ነው። አንዱን ለጎማው ታኮ ያደርጋል፣ ሌሎቹን ከኋላ ይደረድራል፣ ቅጠል ቆርጦም ጣል ያደርግባቸዋል። ከዚያ ክሪኩን ይዞ መኪናው ሥር ይገባል፤ እግሮቹ ግን አስፋልቱ ላይ ይቀራሉ። ከኋላ የሚመጣው ሹፌር ድንጋዩን ሲያይ መሪውን በጨዋ ደንብ ያዞራል። እግሮቹን ሲያይ ክላክስ ይነፋል፤ ይሰብስባቸው እንጂ!

ነገሩ ግልጽ ነው። ድንጋይ የመኪና ሆድ ይቀድዳል፣ ሰው አይቀድድም። ፈሪሃ እግዚአብሔር ቢጎድለን እንኳ ፈሪሃ ድንጋይ አላጣንም። አሜሪካኖች ይህን ጸጋ ስላልታደሉ ሕግ ጻፉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1994 ደቡብ ካሮላይና ውስጥ ሰው ሊረዳ የወረደ የአምቡላንስ ባለሙያ በመኪና ተመታ። ግዛቲቱም በ1996 የቆመ የአደጋ ጊዜ ተሽከርካሪ ያየ ሹፌር ረድፍ እንዲቀይር፣ ካልቻለ ፍጥነቱን እንዲቀንስ ደነገገች። በ2012 ሃዋይ ስትጨመር ሕጉ ሃምሳውንም ግዛቶች አዳረሰ፤ ብዙዎቹ ተበላሽቶ ለቆመ ተራ መኪናም ዘርግተውታል።

«እነሱ ሰፊ መንገድ አላቸው፤ እኛ ግራ ይዘን ፊት ለፊት ከሚመጣው ጋር እንሳሳም?» የሚል አይጠፋም። እውነት አለው። ከሶዶ ወደ ሆሳዕናም ሆነ ወደ ሻሸመኔ ቢወጡ አስፋልቱ መሄጃና መምጫ ብቻ ነው፤ በአረካና በቦዲቲ የገበያ ቀን ደግሞ ጠርዙ የገበያተኛውና የከብቱ ነው። ሶዶም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆና የክልል መኪና ተጨምሮባታል። ግን ሕጉ ሁለተኛ አንቀጽ አለው፦ ካልቻልክ ቀንስ። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና «አይዟችሁ» እስኪባል ባለችው አንዲት ሰከንድ 22 ሜትር ይሄዳል፤ በ30 ከሆነ 8 ሜትር። ለዚህ መንገድ ማስፋት አያስፈልግም፣ እግርን ፍሬን ላይ ማሳረፍ ይበቃል። ደግሞስ ለሰው የጠበበው መንገድ ለድንጋዩ ሲሆን ከየት ሰፋ?

«አንጸባራቂው ሦስት ማዕዘን ውድ ነው፣ ይሰረቃልም» የሚሉም አሉ። ልክ ናቸው፤ ድንጋይን ማንም አይሰርቅም፣ ያስቀመጠው ራሱ እንኳ አያነሳውም። መኪናው ተጠግኖ ሙዙ አዲስ አበባ ሲገባ፣ ድንጋዩ ያለ ውሎ አበል ሥራው ላይ ያድራል። ቅጠሉ ደርቆ ነፋስ ይወስደዋል፤ ሲመሽ የማያበራ፣ የማይታይ፣ ባጃጅና ሞተር ሳይክል የሚጠብቅ ታማኝ ዘብ ይሆናል። ጠንቀቅ በሉ ሊል የመጣው ጥንቃቄ የሚያሻው እሱ ራሱ ሆኖ ቁጭ!

እንግዲህ መንጃ ፈቃድ ይገባዋል ስንል በዋዛ አይደለም። ከፊቱ ሰው ቢኖር አያይም፤ ቢያይም ለማንም ፈቀቅ አይልም። ታዲያ ለመንጃ ፈቃድ ምን ጎደለው?