ፓቫሮቲን ሽማግሌ የላከ አልበም

ፍቅር ብዙ ወጪ አይጠይቅም ብለው የሚያምኑ የዋሆች አሉ። አንድ እሱ፣ አንዲት እሷ፣ ለሁለት የሚጠጣ አንድ ማኪያቶ፤ አለቀ። እነዚህ ሰዎች ሴሊን ዲዮን እ.ኤ.አ. በ1997 መገባደጃ ያወጣችውን «ሌትስ ቶክ አባውት ላቭ» የተሰኘ አልበም ገልብጠው ጀርባውን አላነበቡም ማለት ነው። ርዕሱ «ስለ ፍቅር እናውራ» እንደ ማለት ነው። ጎረቤትን ቡና ጠጡ ብሎ እንደ መጥራት ያለ ቀላል ግብዣ ይመስላል። የተጋባዦቹን ስም ዝርዝር ሲያዩ ግን፣ ለካ ፍቅር የመንገድ ሥራ ያህል የሰው ኃይል ይፈልጋል!

ባርብራ ስትራይሳንድ አለችበት። ሦስቱ የቢ ጂስ ወንድማማቾች አሉበት። የኦፔራው ሉቺያኖ ፓቫሮቲ አለበት። ካሮል ኪንግ ከአንዱ ዘፈን ደራሲዎች አንዷ ናት፤ ያንን ዘፈን እንዲያሰናዳ የተጠራው ደግሞ፣ ሌላ ሰው የጠፋ ይመስል፣ የቢትልስ ፕሮዲውሰር የነበረው ጆርጅ ማርቲን ነው። የአልበሙን መጠሪያ ዘፈን ከጻፉት ሦስት ሰዎች መካከል ብራያን አዳምስ ይገኛል። ከፕሮዲውሰሮቹ ዴቪድ ፎስተር አለ፣ ዋልተር አፋናሲዬፍ አለ፣ ሪክ ዌክ አለ። ቀረጻው ለንደንን፣ ኒው ዮርክንና ሎስ አንጀለስን አዳረሰ። አንዲት ሴት «ናፈቅከኝ» ለማለት ሦስት ከተማ ዞረች። ስልክ አልነበረም እንዳይባል፣ ዘመኑ 1997 ነው።

የተወራውንም እንስማ። ከስትራይሳንድ ጋር በዘፈነችው «ቴል ሂም» ውስጥ ልጅቷ ወዳለች፣ ለመናገር ግን ፈርታለች፤ በዕድሜ የምትበልጣት ሴት «ንገሪው» ትላታለች። ይኼው ነው። እኛ ሰፈር ይህን ምክር ጎረቤት ቶናው ሳይደርስ፣ ያውም ሳይጠየቅ፣ በነፃ ይሰጣል። እዚያ ግን ምክሩ ኦርኬስትራ አስከትሎ መጣ። «አይ ሄት ዩ ዜን አይ ላቭ ዩ» የሚለው ደግሞ ስሙ እንደሚያመለክተው እጠላሃለሁ፣ መልሼ እወድሃለሁ የሚል የጥንዶች ኩርፊያ ነው። ጥንዶች ሲኮራረፉ እኛ ሽማግሌ እንልካለን፤ እነሱ ፓቫሮቲን ላኩ። የእኛ ሽማግሌ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ተዉ እንጂ ልጆቼ» ይላል። ይኼኛው ሽማግሌ ራሱ ጸበኛ ሆኖ ገባ፤ ያውም ያለ ማይክሮፎን ሦስት ሰፈር በሚያዳርስ ድምፅ። በእንዲህ ያለ እርቅ ማን ታርቆ ያውቃል?

በድምጿ አልመጣም። እንዲያውም የሚያናድደኝ ድምጿ ነው፤ ምንም ረዳት የማያስፈልገው ድምፅ ስለሆነ። ሴሊን ኩቤክ ውስጥ ሻርለማኝ በምትባል ትንሽ ከተማ ከ14 ልጆች የመጨረሻዋ ሆና ተወለደች። የመጀመሪያ ዘፈኗን ያዘጋጁላት እናቷና ወንድሟ ናቸው፤ እሷ 12 ዓመቷ ነበር። ልጅቷን ሰምቶ ያለቀሰው ሥራ አስኪያጇ፣ በኋላ ባሏ የሆነው ሬኔ አንጄሊል፣ እ.ኤ.አ. በ1981 የመጀመሪያ አልበሟን ለማሳተም ቤቱን አስያዘ። ያኔ በጀት ማለት የሚያድሩበት ጣሪያ ነበር። ደራሲዋ እናት፣ መያዣው መኖሪያ ቤት! ደግነቱ ሰዎቹ ከዚህ ጥፋታቸው ታርመው ሀብታም ሆኑ።

የባላድን፣ የዚህን ቀስ ብሎ የሚጀምር የፍቅር ዘፈን፣ አሠራር መቼም ሁሉም ያውቀዋል። ፒያኖ ብቻውን ይጀምራል፤ ዘፋኟ ጆሮ ሥር እንደምታንሾካሹክ ሆና ትገባለች። ቫዮሊኖቹ ከኋላ እንደ ዕጣን ጭስ ቀስ እያሉ ይነሣሉ። ሁለተኛው ቤት ላይ ድራም። ከዚያ ትንፋሽ የሚያስይዝ ዝምታ፣ ከዝምታው በኋላ ዜማው በድንገት ቶን ቀይሮ ፎቅ ይወጣል። አድማጭ እዚህ ላይ እንዲያለቅስ ይጠበቃል፤ ለእንባው በጀት ተይዞለታል። በ«ማይ ሃርት ዊል ጎ ኦን» ይህ መውጣት አራት ግማሽ ቶን ነው፤ መታጠቢያ ቤት ውስጥ የሞከረው ሁሉ ጉሮሮው ይመስክር። በአንድ ዘፈን ሲሆን ነፍስ ያስደነግጣል። አልበሙ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ነው። የሠርግ ድግስ የበላ ሰው ነገሩ ይገባዋል፤ ክትፎው፣ ጥብሱ፣ ዶሮው፣ አልጫው አንድ ሳህን ላይ ሲቆለል የዶሮው ጣዕም የት እንደገባ አይታወቅም። ደጋሹ ግን አይከፋውም። እሱ የሚቆጥረው የታረደውን በሬ እንጂ የተዋጠውን ጉርሻ አይደለም።

እስቲ ዳሱን ትተን ወደ ጓዳ እንግባ። አቀናባሪው ጀምስ ሆርነር «ታይታኒክ» ለተባለው ፊልም ሙዚቃ እየሠራ ነበር። ዳይሬክተሩ ጀምስ ካሜሮን ግን በፊልሙ መጨረሻ ዘፈን የሚባል ነገር አልፈልግም ብሏል። ሆርነር ከግጥም ጸሐፊው ከዊል ጄኒንግስ ጋር ተደብቆ ያንኑ «ማይ ሃርት ዊል ጎ ኦን»ን ሠራ፤ ወስዶም ፒያኖ ላይ ቁጭ ብሎ ለሴሊን አሰማት። እሷም አልወደደችውም። ባልየው ነው እስቲ ለናሙና ያህል እንቅዳው ያለው። ስቱዲዮ ገባች፣ አንድ ጊዜ ዘፈነች፣ ወጣች። ዓለም እስከ ዛሬ የሚሰማው ድምፅ ያ የናሙና ድምፅ ነው፤ ኦርኬስትራው በኋላ በዙሪያው ተገነባ። ፊልሙ የማይፈልገው፣ ዘፋኟ ያልወደደችው፣ በአንድ ትንፋሽ የተቀዳ ዘፈን ወደ አልበሙ ገባና እነዚያን ሁሉ እንግዶች የበር ላይ ቆሞ ቀር አደረጋቸው። መግቢያው ላይ የምትሰማዋ ዋሽንት ደግሞ ቲን ዊስል ትባላለች፤ ሲተረጎም የቆርቆሮ ፉጨት። ፓቫሮቲ ተጠርቶ፣ ሰዉ አብሮ የሚያፏጨው የቆርቆሮዋን ሆነ።

ከሙዚቃ ኩባንያዎች ሂሳብ ክፍል ውጭ ያለ ማንም ሰው ከዚህ ታሪክ አንድ ነገር ይማር ነበር። እነሱም ተማሩ። ዘፈኑ እ.ኤ.አ. በ1998 ኦስካር ወሰደ፤ አልበሙም በአሥር ሚሊዮኖች ተሸጠ። ስለዚህ ሂሳቡ እንዲህ ተሠራ፦ ብዙ ወጣ፣ ብዙ ገባ፤ እንግዲያው ለሚቀጥለው የበለጠ ይውጣ። ከዚያ ወዲህ የትኛውም ትልቅ ዘፋኝ አዲስ አልበም ሲያወጣ በመጀመሪያ የሚነገረን ስንት ዓመት እንደፈጀ፣ ስንት አቀናባሪ እንደደከመበት፣ ሚክሲንጉ የትኛው አገር እንደተሠራ ነው። ይህን ልማድ እኛም ሳንዘገይ ተቀብለናል። ዘፈኑ ምን ይላል ተብሎ ሲጠየቅ፣ ማስተሪንጉ ውጭ ነው የተሠራው ተብሎ ይመለሳል። ወጥ ቀምሰን ጨው አነሰው ስንል የድስቱን ዋጋ እንደ መንገር ነው።

ሐቁን ልናገርና፣ እኔም አልቅሻለሁ። «ታይታኒክ» የቪዲዮ ቤቶቻችን ላይ በደረሰበት ዘመን ፊልሙ ሁለት ካሴት ነበር፤ አንደኛው ሁልጊዜ ሰው እጅ ነው። ሁለተኛውን ብቻ ተከራይተን፣ እነዚያ ልጆች የት እንደተዋወቁ ሳናውቅ፣ መርከቡ ሲሰጥም ደርሰን እናለቅስ ነበር። ካናዳዊው ሃያሲ ካርል ዊልሰን ግን ይህንኑ የሴሊንን አልበም ለምን እንደሚጠላው ለመመርመር እ.ኤ.አ. በ2007 ሙሉ መጽሐፍ ጽፏል፤ ሴሊንን መድረክ ላይ ለማየትም ላስ ቬጋስ ድረስ ሄዷል። ለመጥላትም በጀት ያስፈልጋል ማለት ነው። እኔ አቅሜ ከዚህ ጽሑፍ አላለፈም።

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ ሠርግ ላይ ነበርኩ። ሙሽሮቹ ኬክ ሊቆርሱ ሲነሡ ኪቦርድ ተጫዋቹ የዋሽንት ድምፅ ያለባትን ቁልፍ ተጭኖ ያችኑ ዜማ ጀመረ። አዳራሹ በስሜት ጸጥ አለ። አጠገቤ የተቀመጡት የሙሽራው አክስት በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ምን እያለ ነው ልጄ?»

«የሰጠመ መርከብ ዘፈን ነው እትዬ።»

«ውይ በሞትኩት!» አሉና ትንሽ አሰብ አደረጉ። «ስንት ሰው ነበረበት?»