የእግር ጣት የሚቆጥር ተመልካች

ሺላ ካርተር ሞታለች። ስንብቱ ተደርጎላታል፤ አስከሬኗም ወደ ማቃጠያው ምድጃ እየገባ ነው። እጮኛዋ ዲከን ሻርፕ ለመጨረሻ ጊዜ ሲመለከት ዓይኑ እግሯ ላይ ዐረፈ። አሥር ጣት። ለሌላው ሰው አሥር ጣት ይዞ መሞት የሚያስደነግጥ ነገር የለውም፤ ብዙዎቻችን የምንመኘውም ይህንኑ ነው። የሺላ ጣቶች ግን ዘጠኝ ናቸው። አንዱን በ2022 ራሷ ቆርጣ ጥላ፣ «ድብ በላት» አስብላ ከሕግ አምልጣበታለች። ስለዚህ እሳት ውስጥ የምትገባው ሹገር የምትባል የሺላን መልክ ይዛ የምትዞር ሴት ናት፤ እውነተኛዋ ሺላ ታግታ በሕይወት አለች። ይህ ሁሉ የሆነው «ዘ ቦልድ ኤንድ ዘ ቢዩቲፉል» በተባለው የአሜሪካ የቀን ድራማ በ2024 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ እዚያ የሚሞተውም የሚነሣውም በእነሱ ዘመን ነውና)። የቀን ድራማ የማያይ ሰው እዚህ ላይ ከት ብሎ ይስቅና «ይህን የሚያምን ሰው አለ?» ይላል። እኔ ደግሞ ስለ ተመልካቹ ጥብቅና ልቆም ነው። በቴሌቪዥን ፊት ከሚቀመጥ ሰው ሁሉ እንደ ቀን ድራማ ወዳጅ ያለ ጥብቅ ሒሳብ ያዥ አይገኝም። የሞተ ሲነሣ ዝም ይላል፤ የተቆረጠ ጣት ሲበቅል ግን ይጮኻል።

ይህ ጠባይ የመጣው ከዕድሜ ብዛት ነው። «ቦልድ» መጋቢት 1987 ከተጀመረ ወዲህ በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ግማሽ ሰዓት እየቀረበ ከ9000 ክፍል በላይ ተጉዟል። ብሩክ ሎጋንን የምትጫወተው ካትሪን ኬሊ ላንግ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አለች፤ ሪጅ የሚባለው ሰውዬ በዚህ መሐል ብሩክን ስንቴ እንዳገባና ስንቴ እንደፈታ ለመቁጠር የሁለት እጅ ጣት የሚበቃ አይመስለኝም። «ቦልድ»ም ቢሆን ከቀደሙት ጋር ሲተያይ ገና ልጅ ነው። «ጋይዲንግ ላይት» የተባለው ድራማ በሬዲዮ ሲጀመር ዘመኑ ጥር 1937፣ አዲስ አበባም በጣልያን እጅ ነበረች። በ1952 ወደ ቴሌቪዥን ተሻገረ፤ በመስከረም 2009 ሲዘጋ 72 ዓመት ሞልቶታል። ወጪውን የሚችሉት እንደ ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ያሉ ሳሙና አምራቾች ነበሩ፤ ቀን ቀን ቤት የምትውለውን እመቤት ፈልገው መጡ፣ «ሶፕ ኦፔራ» የሚለው ስምም ከዚያ ቀረ። እንግዲህ በዚህ ሁሉ ዘመን ደራሲው ይባረራል፣ ተዋናዩ ይለወጣል፣ የጣቢያው ሹም ይሻራል። ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ማየት የጀመረችው ልጅ ግን ዛሬ ከልጅ ልጇ ጎን ተቀምጣ ታያለች። በድርጅቱ ውስጥ ረጅሙ የአገልግሎት ዘመን የእሷ ነው፤ ደመወዝ የላት፣ ጡረታ የላት። እንዲህ ያለች ሰው ትናንት የተቀጠረ ደራሲ መጥቶ ስለ ቤቱ ታሪክ ሲዋሻት ብትቆጣ ምን ይደንቃል?

ስለ ሞትና ትንሣኤ ያላት ትዕግሥት ግን የሚያስቀና ነው። «ዴይስ ኦቭ አወር ላይቭስ» በተባለው ሌላው ድራማ ስቴፋኖ ዲሜራ የሚባል ክፉ ሰው አለ፤ ደጋግሞ ከመሞቱና ከመነሣቱ የተነሣ ከአመዱ በምትነሣዋ ወፍ ስም «ፊኒክስ» ይሉታል። የሚጫወተው ጆሴፍ ማስኮሎ በ2016 ካረፈ በኋላ እንኳ የሰውዬው ትዝታ በቺፕ ተደርጎ በሌላ ሰው አንጎል ውስጥ ተተክሎ ተመልሷል። በዚያው ድራማ ከ2003 ጀምሮ አንድ ነፍሰ ገዳይ የሴለምን ከተማ ታላላቅ ሰዎች በየተራ ሲፈጅ ከረመ፤ በመጨረሻ ሟቾቹ በሙሉ አንዲት ደሴት ላይ በሰላም ሲኖሩ ተገኙ። የደሴቲቱ ስም «ሜላስዌን» ነው፤ በእንግሊዝኛ ፊደሉ ተገልብጦ ሲነበብ «ኒው ሴለም» ይሆናል። አሁን ይህች ሴለም ዕድር ያላት ከተማ ብትሆን ብላችሁ አስቡት። ጡሩምባ ነፊው በሳምንት ሦስት ቀን ሲነፋ ጉሮሮው ይዘጋል፤ ድንኳኑ ከተተከለበት ሳይነቀል ይበሰብሳል፤ ጸሐፊው «አቶ ስቴፋኖ፣ አምስተኛ ሞት» ብሎ ሲመዘግብ እጁ ይዝላል። በጠቅላላ ጉባኤው ላይም «ከሞት የተነሣ አባል ለቤተሰቡ የተከፈለውን ገንዘብ በሠላሳ ቀን ውስጥ ይመልስ» የሚል አንቀጽ ካልገባ መዋጮ አንከፍልም የሚል ወገን መነሣቱ አይቀርም። ተመልካቿ የምትጠይቀው ልክ እንደዚህ ጸሐፊ ነው። መነሣቱን ትፈቅዳለች፤ ግን መዝገቡ ላይ ይስፈር፤ ያለቀሱለት ሰዎች ሲያዩት ይደንግጡ፤ ርስቱን የተካፈሉትም ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ይፈሩ። ሟቹ በር አንኳኩቶ ገብቶ «ቡና አለ?» ካለና ሁሉም «ቁጭ በል» ካሉት ግን ያን ጊዜ ትነሣለች።

«ሞት ላይ እንዲህ የሚለግስ ሰው ስለ ዝርዝር የመቆጣት መብት ከየት አመጣ?» የሚል ክርክር ይነሣል፤ ቀላል ክርክርም አይደለም። መልሱ ከእኛው ምድጃ ዳር ያለ ይመስለኛል። ተረት ነጋሪው «ተረት ተረት» ሲል ልጆቹ «የላም በረት» ይላሉ፤ ይህን ካሉ በኋላ ጦጣዋ ስትናገር፣ ጅቡ ዳኛ ሆኖ ሲሰየም ማንም አይጠይቅም። ነጋሪው ረስቶት፣ ቅድም ጅብ የበላትን አህያ እንደገና እህል ጭና ወደ ገበያ ቢሰዳት ግን ትንሹ ልጅ ሳይቀር «ተበልታ የለም እንዴ!» ብሎ ያቋርጠዋል። ልጁ የሚናገር ጅብ ተቀብሎ የተረሳች አህያን አለመቀበሉ ሞኝነት አይመስለኝም። ውል ገብቷል፣ በውሉ መሠረት ይጠይቃል። የቀን ድራማም ብዙ እንዲህ ያለ ውል አለው። የ«ቦልድ»ዋ ስቴፊ ፎረስተር በ1990ዎቹ መጨረሻ ተወልዳ በ2008 ለአቅመ ፍቅር የደረሰች ወይዘሪት ሆና ብቅ ስትል «የልጅ ዕድገት ነው» ተብሎ ታልፏል፤ የጤፍ ማሳ እንኳ እንዲህ አይፈጥንም። ሪጅን ለሩብ ምዕተ ዓመት የተጫወተው ሮን ሞስ በ2012 ሄዶ በዓመቱ ቶርስተን ኬይ በቦታው ሲገባ ብሩክ የሰውዬው ፊት ተለውጦ አልደነገጠችም፤ ተመልካቹም ጥቂት ቀን አጉረምርሞ ተላመደ። ጊዜም በዚያ ሰፈር እንደ ልቡ ነው፤ ሰኞ በር ላይ የተጀመረ ጠብ ዓርብ ካፖርት ሳይወልቅ ይቀጥላል፣ የሰኞ አቦል በረካው ሳይደርስ ሳምንቱ ያልቃል። የ«ዴይስ»ዋ ማርሌና በ1990ዎቹ አጋማሽ ዲያብሎስ ሲያድርባት ለማስወጣት የፈጀውን ወራት ያየ የእኛ ሰው፣ ጠበል ቢወስዷት ኖሮ የስንት ክፍል ወጪ ይተርፍ እንደነበር ማስላቱ አይቀርም። ይህ ሁሉ ውሉ ውስጥ አለና ይሁን።

የሺላን ጣት ከፍ አድርጌ የያዝኩት በዚህ ምክንያት ነው። ደራሲዎቹ ከሁለት ዓመት በፊት የተቆረጠችን አንዲት ጣት አስታውሰው የታሪኩ ቁልፍ አደረጓት፤ ጣቷን ያልረሳች ተመልካች ያን ቀን የልፋቷን አገኘች፣ ዲከን የቆጠረውም እሷን ወክሎ ነው። ግን ሒሳብ ያዥ በአንድ ትክክለኛ ደረሰኝ አይታለልም። ይህችው ሺላ በእህት ድራማው «ዘ ያንግ ኤንድ ዘ ሬስትለስ» በቀዶ ሕክምና ፊቷን የሌላ ሴት ፊት አስደርጋ መጥታ ነበር፤ በ2007 ያንኑ ፊት እንደያዘች ተተኩሶባት ሞተች። በ2017 የድሮ ፊቷን ይዛ በ«ቦልድ» በር ገባች። ጣት የሚያስታውስ ቤት ፊት ሲረሳ ምን ይባላል? «ዘጠኝ ሺህ ክፍል ማን ያስታውሳል?» የሚል ተከላካይ ለደራሲዎቹ አይጠፋም፤ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ድራማ መጻፍ ድንጋይ እንደ መፍለጥ ያለ ሥራ መሆኑንም አልክድም። ነገር ግን ያልረሳ ሰው በሚሊዮን እየተቆጠረ በየቤቱ በነጻ ተቀምጦላቸዋል፤ ከመጻፋቸው በፊት አንዱን ቢጠይቁት ቡና እንኳ አያስፈላቸውም ነበር።

ከሁሉ የሚከብደኝ ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ተመልካቹ ለታሪክ እውነት ሳይሆን ለሚወዳቸው ፍቅረኞች ብቻ ነው የሚሟገተው የሚለው። ማስረጃውም ከባድ ነው። «ጄኔራል ሆስፒታል» በተባለው ድራማ ሉክ የሚባለው ሰው ላውራ የምትባለውን በ1979 ደፈራት፤ ከዚያ ድራማው ነገሩን ወደ ፍቅር ለወጠው፣ በኅዳር 1981 ተጋቡ፤ ኤልሳቤጥ ቴይለር ሳትቀር በተገኘችበት ሠርግ ሠላሳ ሚሊዮን ያህል ሰው እልል አለ። እልል ያለው ይኸው ጥብቅ ያልኩት ተመልካች ነው። ይህን ማስተባበል አልችልም፤ ሒሳብ ያዡ ያን ቀን መዝገቡን ዘግቶ ሠርግ ቤት ገብቷል። ይሁንና መዝገቡ አልተቀደደም። በ1998 ድራማው ራሱ ወደዚያች ሌሊት ተመለሰ፤ ልጃቸው ላኪ አባቱ በእናቱ ላይ የፈጸመውን ዐወቀ፣ ሉክና ላውራም ሲሸሹት የኖሩትን ነገር ፊት ለፊት ለመነጋገር ተገደዱ። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ይህ ታሪክ ሊጻፍ የቻለው የመጀመሪያውን ክፍል ያየና ያልረሳ ሰው አሁንም ስለነበረ ነው። የሁለት ሰዓት ፊልም ልጅ ተወልዶ አድጎ እስኪጠይቅ መጠበቅ አይችልም። ድራማውን እርጅናው የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ የተመልካቹም ጭቅጭቅ እዚህ ላይ ዋጋ ያወጣል።

«ሥራ ፈትነት ነው» ለሚለው ብዙ ቃል አላባክንም፤ መጀመሪያ እግር ኳስ ተመልካቹ ይጠየቅ። የሚገርመኝ ይልቅ ይህ «ሥራ ፈት» ሲቆጣ የሚያሳየው ትጋት ነው። በ1982 ሌላ የ«ዴይስ» ነፍሰ ገዳይ ማርሌናን የገደላት በመሰለ ጊዜ ስልኩ ጣቢያውን አጨናነቀው፤ ስቱዲዮው ደጃፍ ድረስ ለተቃውሞ የወጣም ነበር። ሟቿ መንትያ እህቷ ሳማንታ ሆና ተገኘች፤ የተጫወተችውም የተዋናይዋ እውነተኛ መንትያ ናት። በ2011 «ኦል ማይ ቺልድረን» እና «ዋን ላይፍ ቱ ሊቭ» የተባሉት ድራማዎች እንደሚዘጉ ሲነገር ደግሞ ጩኸቱ ተሰምቶ ሁቨር፣ የቤት መጥረጊያ ማሽን አምራቹ፣ ማስታወቂያውን ከኤቢሲ ጣቢያ አነሣ። ሳሙና የወለደውን ድራማ መጥረጊያ ሊያድነው ተነሣ ማለት ነው፤ አላዳነውም እንጂ ከዘመድ ወገን አልቀረም። በእኛም አገር ከ2002 እስከ 2004 በሬዲዮ የተላለፈው «የቀን ቅኝት» ድራማ በሺዎች የሚቆጠር ደብዳቤ ጎርፎለታል። ፖስታ ገዝቶ፣ ቴምብር ለጥፎ፣ ስለ ሌላ ሰው ትዳር የሚጽፍ ሰው ሥራ ፈት ነው ከተባለ ለሽምግልና የሚሄደውን አዛውንት ምን ልንለው ነው?

ታዲያ ይህ ሒሳብ ያዥ ከዚያ ወዲህም ዕረፍት የለውም። የሺላ የልጅ ልጅ ሉና፣ ሁለት ነፍስ አጥፍታ ከእስር የወጣች ልጅ፣ በ2025 ተተኩሶባት ሞተች ተባለ፤ ጥቂት ቆይቶ በሕይወት ታየች። «በዘር ነው» ብሎ መዝግቦ አለፈ፤ በዚያ ቤተሰብ አለመሞት እንደ ቁመት የሚወረስ ነገር ነውና አልተቃወመም። ያልተዘጋ ሒሳብ ሆኖ የቀረበት የሹገር ነው። ስንብቱ የተደረገው ለሺላ፣ ዲከን ያነባው ለሺላ፣ እሳት ውስጥ የገባችው ግን ሹገር። ክፉ ሴት ናት፣ ይገባታል ይባል ይሆናል፤ ግን አሥር ጣቷን ይዛ በሰው ስም ተሸኝታ በሰው ስም ተቃጠለች። አመዱን ማን ወሰደው? ሺላና ዲከን እኮ ከዚያ በኋላ ተጋብተዋል፤ ዕቃው አሁንም እዚያው ቤት መደርደሪያ ላይ ካለ፣ ስሙ የተሳሳተ መሆኑን አንድ ሰው ይንገራቸው።